እማዬ፣ እኔና የእንጉዳይ ለቀማው

ጌም የሚሠሩ ሰዎች ያስጠሉኛል። ሁሉም አይደሉም። «ሰፊ ዓለም ሠራንላችሁ» ብለው የሚፎክሩት፣ ከዚያም ያንን ሰፊ ዓለም በእንጉዳይ ለቀማ የሚሞሉት ናቸው። እኔ ጎረምሳ አይደለሁም። አርባ ዓመት ደጃፌ ላይ የቆመብኝ፣ ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሒሳብ የምሠራ ሴት ነኝ። ጌም የምጫወተው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ ኮተቤ እናቴ ቤት፣ ከእናቴ ጋር ሆኜ ነው። የበሉት የእኔን ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ እተወው ነበር።

እናቴ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ጡረታ ከወጣች በኋላ ዓይኗን አመማትና ግላኮማ ነው ተባለ። ሐኪሙ አስቀምጦ ሲያስረዳን፣ በሽታው ከዳር ከዳሩ እያጨለመ ወደ መሐል እንደሚመጣ ነገረን። «የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው ያለውን ለማቆየት ነው» አለ። እሷ፣ ዕድሜ ልኳን ስትጠየቅ የኖረች ሴት፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ምን ያህል ይቆይልኛል? «እሱን እንግዲህ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፣ እማማ» አላት። ታክሲ ውስጥ ገባን። ከዚያ «በይ እንግዲህ፣ ማየት ያለብኝን ልይ» አለችኝ።

ማየት የምትወደው መሬት ነው። ሌላው ሰው አበባ ይወዳል፣ የሰው መልክ ይወዳል፤ እሷ ተዳፋት ትወዳለች። ስታስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቿን እየመራች በባሕር ዛፉ መሐል ወደ እንጦጦ ትወጣና ከላይ ሆና አገሩን ታሳያቸው ነበር። አሁን ጉልበቷ እንኳን እንጦጦን፣ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት አይችልም። ከግቢያችን ይታየን የነበረውን የየካን ሸንተረር ደግሞ ጎረቤታችን ባቆመው ፎቅ ሸፍኖታል፤ እማዬ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ስትቀመጥ የምታየው የሰው ልብስ ማስጫ ነው።

እኔ የምኖረው ካራ ተከራይቼ ነው። ከሐኪሙ ቀን በኋላ ቅዳሜና እሑዴን ሙሉ ለሙሉ ለእሷ አደረግኩና ኮምፒውተሬንም ተሸክሜ መጣሁ፤ ከቲቪዋ ጋር አገናኘሁት። አዲስ ጌም ጭኜ ነበር። መጀመሪያው ላይ ጀግናው ከዋሻ ይወጣል፤ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ፊቱ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከሩቅ፣ ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል። እማዬ ጠብታዋን አድርጋ ዓይኗን ስትጠርግ ነበር። «ቆይ! አትንቀሺ!» አለች።

ቆምኩ። ተነሥታ መጥታ በጣቷ ቲቪውን እየነካካች ማስተማር ጀመረች። ይኼ ወንዝ የቆረጠው ሸለቆ ነው፤ ያ ደግሞ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ይኼን የሣለው ሰው መሬት ያውቃል። ከዚያ ተራራውን አሳየችኝ። «እዚያ ላይ ይወጣል?»

«የሚታይሽ ቦታ ሁሉ ይደረሳል» አልኳት። ማስታወቂያው እንደዚያ ነበር የሚለው፤ እኔ ሞኟም አመንኩት።

«እንግዲያው እዚያ ላይ አውጪኝ። አገሩን ከላይ ሆኜ ልየው።»

ያ የመጀመሪያው ትዕይንት ግን ለእንግዳ የተሰናዳ ሳሎን ነበር፤ ጓዳው ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ከተማ በር ላይ ስንደርስ ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። ጀግናው አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆምና ትንሽ ቆይቶ ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይገኛል። የገበያተኛው ፊት መጀመሪያ ሊጥ ሆኖ ይመጣል፤ ዓይንና አፉ ዘግይተው ይደርሱለታል። ፈረሱ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ይራመዳል። ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አሮጌ ነው፣ አልክድም። ግን የጀግናውን ጺም በነፋስ ለማወዛወዝ ያን ያህል የደከሙ ሰዎች አንዲት የገበያ መንገድ ሳትደናቀፍ ማሳየት ያቃታቸው ምን ነክቷቸው ነው?

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁና ሁሉንም ዝቅ አደረግኩት። ጥላውን አጠፋሁ፣ ሣሩን አጠፋሁ፣ የሩቁን ዛፍ አጠፋሁ። እማዬ ከሶፋዋ ብድግ አለች።

«ምነው ደኑን ጨረስሽው!»

«እንዲፈጥን ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ለፍጥነት ተብሎ ዛፍ ይቆረጣል? ያ እኮ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ተጠርጎ ያልቃል።»

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ጽሑፉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ያንን በሚያህል ቲቪ ላይ ቁንጫ የምታህል ፊደል ይለጥፋሉ። እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ የምታውቅ ሴት ማንበብ አልቻለችም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። ለዚያ ነው የተናገሩትን ከንቱ ነገር በሙሉ በቃሌ የያዝኩት።

ግራፊክሱስ ይሁን። ያንገሸገሸኝ ሌላው ነው። መንደር በገባን ቁጥር፣ ጭንቅላቱ ላይ ቢጫ ምልክት የተንጠለጠለበት ሰው ሁሉ ይጣራል፤ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ እንደሚሻሙብን ደላሎች ነው። አንዱ ፍየሌ ጠፋች ይላል። አንዷ የሟች ባሌን ቀለበት ተኩላ ዋሻ ውስጥ ጣልኩ ትላለች፤ እዚያ ምን ልትሠራ እንደገባች አይጠየቅም። አንዱ ጎረምሳ፣ ሰይፍ ታጥቆ ቁጭ ብሎ፣ ከራሱ ጓሮ እንጉዳይ ልቀምልኝ ይላል። የጎን ሚሽን ይሉታል። የሚያበዙት ዓለሙ ባዶ ስለሆነ ነው። እንግዳ ሲበዛ ሽሮ ላይ ውሃ እንደሚጨመረው ነው፤ ቀለሙ አለ፣ ሽታው አለ፣ አፍ ሲገባ ግን ውሃ ነው። እኛ ቤት እንኳ ሽሮ የሚቀጥነው እንግዳ ሳይበላ እንዳይሄድ ተብሎ ነው። እነሱ የሚያቀጥኑት «ጌማችን ይኼን ያህል ሰዓት ያጫውታል» ብለው ለመፎከር ነው።

ብቻዬን ብሆን አልፋቸው ነበር። የእማዬን ይሉኝታ ግን የቲቪ መስተዋት አላቆመውም።

«ሽማግሌ ጠርቶሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትሄጃለሽ?»

«እማዬ፣ ሰው እኮ አይደለም። ሥዕል ነው።»

«ሥዕልም ቢሆን ሽማግሌ ነው። ቁሚና ምን እንደሚል ስሚው።»

እቆማለሁ፣ አነብላታለሁ። «አይመቸኝም» የሚል መልስ መምረጥ እንደሚቻል ስነግራት እሷን የሰደብኳት ያህል አፈጠጠችብኝ። በዚህ ዓይነት የአገሩን ፍየል ሁሉ እየነዳን መለስን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የነዳነው ሁሉ ይጠፋል፤ ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው ማደሪያ ቤት ሲደረስ ብቻ ነውና ያችኑ ፍየል ከዚያው ገደል እንደገና እናወጣለን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ባሏ ለሞተባት ሴትዮ ቀለበቷን ስንሰጣት «ምን ብዬ ላመስግንህ» አለች። ዞር ብለን ስንመለስ ያችው ሴትዮ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ወይ ዕድሌ፣ ማን ይረዳኝ ይሆን» ትላለች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ የለም፤ እሱን መሣል እንኳ ሰንፈዋል። እማዬ ቅር አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። «ሐዘን ነው፤ ሐዘን ሰው ያስረሳል» አለች። እናቴ ለእነዚያ ሰነፎች ሰበብ ስትፈልግላቸው ማየት ይበልጥ አናደደኝ።

በብዙ ልፋት ተራራው ሥር ደረስን። የጠጉር ካባ የደረበ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል። «ገና አልበቃህም። ሌቭልህ ሲያድግ ተመለስ» አለን። ሌቭል በምን ያድጋል? በእንጉዳይ ነዋ! በፍየል! ዋናው ታሪክ አልቋል፤ የቀረው ተራራው ብቻ ነው፤ ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ግን እንደገና በየመንደሩ ጓሮ ነው። ዘበኛውን በሰይፍ መታሁት፤ አይሞትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ ነገሩ። የሚታይሽ ሁሉ ይደረሳል ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝና እማዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። እሷ ግን አልተከፋችም። «ሥራ አልጨረስንም ማለት ነው። እንመለስ» አለች።

ተመለስን። ክረምት ገባ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስለ ፍየል እየጮህኩ አነብ ነበር። የእማዬ ዓይን እየሄደ መሆኑን መጀመሪያ ያወቅኩት ከማፑ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማፕ እያየች «ወደ ግራ፣ ወንዙን ይዘሽ» እያለች ስትመራኝ የኖረች ሴት መምራት አቆመች። ቀጥሎ ከጎን የሚመጣ ተኩላ ሁሉ ያስደነግጣት ጀመር። ሻይ ሳቀርብላት ብርጭቆው ጠረጴዛው ዳር ላይ ከሆነ እጇ አየር ጨብጦ ይመለሳል። አናወራበትም። ጠብታዋን በሰዓቱ አደርግላታለሁ፤ ጆይስቲኬን አነሣለሁ፤ እንጉዳይ እለቅማለሁ።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ጥላቻ አሁንም በደንብ አስታውሰዋለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ እንኳ ሰዎቹን እረግማቸው ነበር። ያንን ጌም ሲሠሩ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው «እዚህ ጋ ሰዓቱን እናስረዝመው» የተባባሉ ሰዎች አሉ። በእነሱ ቤት ተጫዋቹ የጊዜ ድሃ አይደለም። የእናቴን የቀረ ብርሃን በፍየልና በእንጉዳይ ነበር የሚያስጨርሷት። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ጊዜ ላተርፍላት ብዬ ተደብቄ የቀሩትን ሚሽኖች ልገፋ ሞከርኩ። ተመልሳ ስትመጣ የአንዱን ሽማግሌ ንግግር ሳነብላት ቀድሜ እንዳናገርኩት አወቀችብኝ። «እኔ ሳልኖር ሰው ቤት አትግቢ» አለችኝ፤ ከልቧ ተቀይማ ነበር። ምን ልበላት? ዓይንሽ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው ልበላት?

ሌቭላችን ሊሞላ ሲቃረብ መገናኛ ሄጄ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ።

«ለኤዲቲንግ ነው፣ እትዬ?» አለኝ የሸጠልኝ ልጅ።

«ለተራራ ነው» አልኩት።

ካርዱን አስገጥሜ ሴቲንጉን እስከ ጣሪያው ከፍ አደረግኩት። ጥላው መጣ፣ ሣሩ መጣ፣ ዛፎቹ በየተዳፋቱ ተመልሰው ቆሙ። እማዬ ስለ ዛፎቹ ምንም አላለችም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዘበኛው በሩን ከፈተልን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። እማዬ ወንበሯን ወደ ቲቪው ስባ ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ በረዶው ላይ ስወጣ «ቀስ በይ፣ ይንሸራተታል» ትለኛለች። የነፋሱ ድምፅ ይሰማታል፤ የጀግናው ትንፋሽ ይሰማታል። በመጨረሻው ቋጥኝ ላይ እጁን ሲጭን እጄን ያዘችኝ። ጫፉ ላይ ወጣን።

እውነቱን ልናገር፤ እንደተባለው ነበር። ለወራት የረገምኳቸው ሰዎች እዚህ ላይ እጃቸውን አልሰሰቱም። አገሩ በሙሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። ወንዙ ከሸለቆው ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲጠማዘዝ ይታያል፤ ከየመንደሩ ጭስ ይነሣል፤ ከሁሉም ማዶ ፀሐይ ያረፈበት ባሕር አለ። ሰማዩ ላይ የደመና ጭረት የለም። ምስሉ አንዴም አልተቆራረጠም። ስድቤ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

እማዬ መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ወደ ቲቪው ተጠጋች። ከዚያ ይበልጥ ተጠጋች። ብዙ ቆየች።

«ጭጋግ ነው እንዴ?» አለች። ዞራ አላየችኝም።

ቲቪውን መልሼ አየሁት።

«አዎ» አልኳት። «ጭጋግ ነው። እነዚህ የማይረቡ! ይኼን ሁሉ አስለፍተውን፣ ያን ሁሉ ፍየል አስነድተውን፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ መሣል ሰንፈው በጭጋግ ሸፈኑት! ሌቦች! ዓይን አውጣ ሌቦች!» ጮህኩ። ጠረጴዛውን በጆይስቲኩ መታሁት። እንባዬ እየወረደ ነበር፤ ድምፄን ግን እንደ ወትሮው አደረግኩት።

እማዬ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ሲላላ አየሁ፤ ትንሽም ሳቅ አለች።

«ተያቸው ልጄ፣ አትሳደቢ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ዓይኔ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»