ሳህን ያጠበው ኮሌጅ

አጃን ሰንግላ ሰው ሲያዝንላቸው አይወዱም። «በዚህ ሁሉ የቡድሃ ገዳም መሀል የክርስቲያን ኮሌጅ ማስተዳደር አይከብድም?» ብሎ ከንፈሩን ለሚመጥላቸው እንግዳ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። «የሚከብደው የውሃ ፓምፑ ነው» ይሉታል።

አጃን ማለት በእኛ አገር የኮሌጅ መምህር ማዕረግ ነው። በመንደራችን ግን አጃን ከተባለ ሌላ ሰው በሐሳብ አይመጣም። የኑድል ሻጭ ልጅ ናቸው። ወጣት ሳሉ ክርስቲያን ሆኑ፣ ዋና ከተማ ሄደው ነገረ መለኮት ተማሩ፣ ተመልሰው መጥተው እዚሁ ላምፑን ከተማ አጠገብ ያለውን ትንሽ ኮሌጅ ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሲያስጠግኑ፣ ከምስጥ ጋር በመጻሕፍቱ ሲሟገቱ ኖረዋል። ደመወዝ የጠፋ ጊዜ መምህራኑን ይዘው ሎንጋን የሚባል ፍሬ ለቀማ ይወጣሉ። ግሪክኛ አስተማሪው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ፍሬ ሲያወርድ ማየት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ኩሩ ሴት ናቸው፤ ኩራታቸውንም አይደብቁም። «ከዚህ ኮሌጅ የወጣ ልጅ ተራራ ላይ ብቻውን ብትጥለው፣ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና የዶሮ ቤት ሠርቶ ይጠብቅሃል» ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ያንገበግባቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ከተራራ የሚወርዱ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ክርስቲያን የሆኑ የካረንና የላሁ ጎሳ ልጆች ናቸው። ኮሌጁ የቆመበት የእኛው መንደር አንድም ተማሪ ሰጥቷቸው አያውቅም። ሰላምታው አለ፣ በማንጎ ወቅት ማንጎውም ይላካል። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን የለም። እንዲህ እያለ ነው ኢንቶን የመጣው።

ኢንቶን ገበያ ላይ ቋሊማ ጠብሳ የምትሸጠው የካምኑይ አንድያ ልጅ ነው። ክርስቲያን ሆኖ ኮሌጅ ሲገባ እናቱ ለብዙ ጊዜ አኮረፈችው። ያሳደገችው አያቱ ግን «ተይው ይማር፤ መጠጥ ከሚማር ይሻላል» ብላ ገላገለችው። ልጁ ጎበዝ ወጣው። አጃን ሰንግላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምክንያት ፈልገው ይጠሩታል። «ይሄ የዚሁ መንደር ልጅ ነው» ለማለት ብቻ ነው። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን፣ አያትየው ሞተች።

እዚህ አገር አያት ስትሞት የልጅ ልጅ ጠጉሩን ይላጫል፤ ቢጫ ልብስ ለብሶም ለአንድ ቀን ይመነኩሳል። ከአስከሬኑ ፊት ቀድሞ እስከ ማቃጠያው ይሄዳል፤ ሲመሽ ልብሱን ያወልቃል። ሟቿም እናትየውም የዚያን ልብስ ጫፍ ይዘው ወደ ሰማይ ይወጣሉ ይባላል። ይህን እምቢ ያለ ልጅ ውለታ ቢስ ነው። በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ካምኑይ የለቅሶ ልብሷን እንደለበሰች ቢሮ ገባች። ኢንቶን ዓይኑ ቀልቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«አጃን፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የምለምንዎት» አለች። «ጠዋት ይለብሰዋል፣ ማታ ያወልቀዋል። እርስዎ ካዘዙት እምቢ አይልም።»

«እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በትእዛዝ አይሆንም» አሉ አጃን ሰንግላ።

«እማ፣» አለ ኢንቶን፣ «የማላምንበትን መሐላ ፊቷ ቆሜ ብምል፣ አያቴ ራሷ ከሳጥኗ ተነስታ በጥፊ ትለኛለች። ውሸት እንደማትወድ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«እሷን አትጥራብኝ! ጎረቤታችን ዋንዲ ልትስቅብኝ አፏን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነው። የሷ ልጅ ለእናቱ ሦስት ወር ሙሉ መነኮሰ፤ ለኔ አንድ ቀን ይጥፋ?»

«ሌላ የፈለግሽውን እዘዢኝ።»

«ሌላ የለኝም። ወይ መንኩስ፣ ወይ ለቅሶው እንዳለቀ ዕቃህን ሰብስበህ ከዚህ ኮሌጅ ውጣ። ሁለቱንም እምቢ ካልክ እናት አለችኝ እንዳትል።» ይህን ተናግራ ወጣች። የበሩን መጋረጃ እንኳ አልመለሰችውም።

ኢንቶን «አጃን፣ መመንኮሱን አልችልም» አለ። «እናቴን ማጣትም አልችልም። እወጣለሁ።»

አጃን ሰንግላ ቆፍጠን ብለው «ሬሳ ሳይወጣ ዕቃ የሚሰበስብ ተማሪ የለኝም። ሂድ አያትህ ጋ ተቀመጥ» አሉት። እሱ እንደወጣ ጃንጥላቸውን አንስተው በጭቃው ወደ ገዳሙ አመሩ።

ሽማግሌው አበምኔት አጃንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል።

«መጣሽ አንቺ የሁመር ሌባ?» አሉ ገና ከሩቁ። ሕፃን ሳሉ ከገዳሙ ዛፍ ሁመር መስረቃቸውን እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም። «ልጁን ይላጩልኝ ልትይ ነው ወይስ አይላጩብኝ?»

«አንዱንም አይደለም አባታችን። ጨንቆኝ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ልቡ ያልፈቀደን ልጅ አልላጭም። ይሄ ልብስ ዝናብ ሲመጣ የሚዋሱት ጃንጥላ አይደለም። ለእናቱም ነግሬያታለሁ፤ አልሰማችኝም እንጂ።» ሻያቸውን ፉት አሉና ቀጠሉ። «እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ስንኖር እዚህ መንደር ስንት ሰው ሞተ? ልጆችሽ አንድ ቀን እንኳ ሳህን አጥበዋል?»

በመንደራችን ለቅሶ ሲኖር ሥራው በየሰፈሩ ይከፋፈላል፤ አንዱ ሰፈር ያበስላል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዱ ያጥባል። ኮሌጁ ግን ተራ የለውም። ከመሥራቾቹ ጊዜ ጀምሮ መነኮሳት የሚጸልዩበት ቦታ ተማሪ አይልክም ነበር። አበባና የሐዘን ፖስታ ልኮ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል።

«ሳህኑን ለኛ ይስጡን» አሉ አጃን ሰንግላ።

«የትኛውን ቀን?»

«ሁሉንም ቀን።»

አበምኔቱ ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። «የበላተኛውን ብዛት አይተሽዋል?»

ኮሌጅ ሲመለሱ ምክትላቸው ነገሩን ሰምተው ደነገጡ። «መነኮሳት በሚጸልዩበት ግቢ ልጆቻችንን? ሰው ምን ይላል? እምነታቸውስ?»

«ሳህን ስታጥብ የሚለቅህ እምነት ከሆነ፣ መጀመሪያውኑም አልያዘህም» አሉ አጃን ሰንግላ። ምክትልየውም አጉረምርመው ጓንት ፍለጋ ሄዱ።

በማግስቱ ኮሌጁ እንዳለ ሽርጥ አድርጎ ካምኑይ ግቢ ገባ። አጃን ሰንግላ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከትልቁ ገንዳ ፊት ቁጢጥ አሉ። ካምኑይ አየቻቸው፤ ሰላም ብላ ፊቷን መለሰች። መንደሩ ሥራውን እየሠራ በዓይኑ ይከተላቸው ነበር። ጥፋት ለመሥራትም ብዙ አልቆዩም። ናሌ የምትባል የላሁ ተማሪ አበምኔቱ መጠማታቸውን አየችና፣ በቅንነት፣ ብርጭቆ ውሃ በቀጥታ በእጃቸው ልትሰጣቸው እጇን ዘረጋች። የሚያበስለውም እንጨት የሚፈልጠውም ሥራውን አቆመ። መነኩሴ ከሴት እጅ እንደማይቀበል የእኛ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ተራራ ላይ ተወልዳ ያደገችው ናሌ ግን ማን ነግሯት!

አበምኔቱ ፈጠን ብለው ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጉ። «እዚህ ላይ አኑሪልኝ ልጄ። ሕጋችን ሆኖ ነው እንጂ ውሃሽን ጠልቼ አይደለም።»

ይህን ጊዜ የካምኑይ ጎረቤት ዋንዲ አላስቻላትም። «ጉድ እኮ ነው! ይህን ሁሉ ዓመት ተምረው ለመነኩሴ ውሃ መስጠት አያውቁም!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ናሌ እንባዋ መጣ።

አጃን ሰንግላ ከገንዳው ቀና አሉ። ግሪክኛ አስተምረው ለጎረቤት ውሃ አሰጣጥ አለማስተማራቸው ያን ሰዓት ቆጫቸው። «እውነትሽን ነው ዋንዲ» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ያላስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እስቲ ነይና አንቺ አስተምሪያቸው።»

ዋንዲ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። ወገቧን ይዛ መጣች፤ የመነኮሳቱ ዕቃ ከሌላው ተለይቶ እንዴት እንደሚታጠብ አሳየች። ከሰዓት በኋላማ የራሷ ልጆች ይመስል «አንተ ረጅሙ፣ ውሃ ቅዳ! አንቺ ደግሞ ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ!» እያለች ታዝዛቸው ጀመር።

የማቃጠያው ቀን ደረሰ። ከእሳቱ በፊት የሟች ታሪክ ይነገራል። ሁልጊዜ አንድ ሹም ከወረቀት ላይ በዋና ከተማው ቋንቋ ያነበንባል፤ ሕዝቡም እያንቀላፋ ይጠብቀዋል። ያን ቀን ግን አበምኔቱ «የሟቿን ታሪክ የልጅ ልጇ ይናገራል» አሉ። ሹሙ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ካምኑይ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ኢንቶን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠጉሩን እንዳበጠረ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ስብከት ያስተማሩት አጃን ሰንግላ ናቸው። «ሰማይ ከመውጣትህ በፊት ኩሽና ግባ» እያሉ ስንት ጽሑፉን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውበታል!

ልጁ ኩሽና ገባ። በመንደራችን በራሳችን ቋንቋ፣ አያቱ የሚታኘክ የሻይ ቅጠል አቡክታ ለመሸጥ ቅርጫት ተሸክማ እንዴት ትዞር እንደነበር ተናገረ። ዝናቡን እንዴት እንደምትሰድብ ድምፅዋን አስመስሎ ሲያወራ አሮጊቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ትኩሳት የያዘው ጊዜ በሞላ ወንዝ ውስጥ አዝላው ክሊኒክ ስትሄድ፣ «ምን በልተህ ነው እንዲህ የከበድከው!» እያለች መንገዱን ሙሉ እንደተቆጣችው ተናገረ። ያኔ የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ተቀላቀለ።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረ። «አያቴ፣ ልብሱን አልለበስኩልሽም። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ይቅር በይኝ። ያስተማሩኝ መናገር ነው፤ ያለኝን ሰጠሁሽ።» ቀጥሎ ወደ እናቱ ሄደ። ተንበረከከና ግንባሩን እግሯ ሥር መሬት ላይ አሳረፈ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ካምኑይ እጇን ዘርግታ ጠጉሩን ነካች።

አጃን ሰንግላ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ኮርተው አያውቁም። ከአጠገባቸው ዋንዲ በሻርፗ ዓይኗን እየጠረገች «የኔው ልጅ ሦስት ወር መንኩሶ ሲያንቀላፋ ነው የከረመው» ስትል ሰሟት።

እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ እንግዳው በላና ተበተነ። የቀረው የሳህን ቁልል ነው። አጃን ሰንግላ እየፈተጉ ሳለ ካምኑይ መጣችና አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ አንድ ሳህን አነሳች። ጎን ለጎን ሲያጥቡ ቁልሉን አጋመሱት። ልጁ ዕቃውን ይሰብስብ አይሰብስብ ለመጠየቅ አጃን ሰንግላ ድፍረት አጡ።

«አጃን» አለች ካምኑይ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። «በምረቃው ቀን እናቶች የት ነው የሚቀመጡት?»

«ከፊት» አሉ።

«ሐር ቀሚስ አለኝ። ሲወለድ ነው ያሸመንኩት፤ ሲመነኩስ እለብሰዋለሁ ብዬ።» ሳህኑን አለቅልቃ ከንጹሑ ቁልል ላይ አኖረችው። «እሱን ብለብስ ያምርብኛል?»