ሀ ብዬ የጻፍኩት ሐ

የዚያን ዕለት ግቢው ውስጥ የነበርነው አራት ነን። የቤቱ ባለቤት እማማ ዘውዴ፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው ታይፒስቷ አስቴር፣ አብራኝ የምትኖረውና አብራኝ የምትሠራው ጽጌ፣ አራተኛዋ እኔ ነኝ። አስቴር ከመሥሪያ ቤቷ ያመጣችው መጽሔትም ነበረ። ሰው ስላልሆነ አልቆጥረውም፤ ግን ከአራታችንም ይልቅ የተሰማው እሱ ነው።

ስም ያስቆጠረኝ የልጄ ስልክ ነው። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዕለት እኔ ጓዳና ሳሎን ስመላለስ ሕሊና ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ለብቻዋ ትስቃለች።

«እማዬ፣ ነይ ፐርሰናሊቲሽን ልይልሽ። አምስት ደቂቃ ነው፣ በቃ።»

«አምስት ደቂቃ? እኔ አንቺን ሃያ ስድስት ዓመት አይቼሽ ገና አልጨረስኩም።»

«ማለቴ፣ ለፈን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ምን ይሰማሻል?»

«ልብስ ከገመድ ላይ አውርጂ አውርጂ ይለኛል።»

«እንደዚህ የሚል ቾይስ የለውም።»

አያችሁ? በዚህ ከተማ ዝናብ ሲመጣ ሴት ሁሉ የምታስበውን አንድ ነገር አያውቀውም፤ ማንነቴን ግን ሊነግረኝ ተነሥቷል። ትቻት ልሄድ ስል የራሷን ውጤት አነበበችልኝ። ይህ ዓመት የብቻሽ ዓመት ነው፣ ሰው አታስጠጊ ይላታል። እሷ ሳቀች። እኔ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው በጻፈው ነገር ቶሎ አፌን አልከፍትም። በዚህኛው ግን እከፍታለሁ፤ ከፍዬበታለሁና። ከእኔ ይልቅ ሌላ ሰው ከፍሎበታል።

መንግሥት ተለውጦ መጽሔት በየአስፋልቱ ዳር የተዘረጋበት ጊዜ ነበረ። ከማንኛቸውም የኋላ ገጽ ላይ «ራስዎን ይፈትኑ» የሚል አይጠፋም። ቅናተኛ ነዎት? ሰው ይወድዎታል? ምስጢር ይጠብቃሉ? ሬዲዮ ሲናገር የሚጠራጠር ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ እርሳስ ፍለጋ ይሮጣል። ቅናተኛ መሆኑን ጎረቤቱን ቢጠይቅ በነጻ ይነግረው ነበር።

እኔና ጽጌ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበርን፤ እኔ አጠባው ላይ፣ እሷ ካውያው ላይ። ጠዋት ከካዛንቺስ በባምቢስ አድርገን በእግራችን እንወርዳለን። በጳጉሜ መንገዱ ከላይ ደርቆ ከሥር ጭቃ ነው፤ እየረገጡት ይከዳል። ማታ ስንመለስ ከሰል ላይ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረችና አንድ ገዝተን ለሁለት እንሰብረዋለን። ጽጌ ወፍራሙን ወገን ለእኔ ሰጥታ ጫፉን ለራሷ ትወስዳለች። «ጫፉ ይጣፍጣል» ትላለች። አይጣፍጥም። ጫፉ ፍሬ እንኳ የለውም።

እሷ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች። የልብስ መረከቢያው ላይ ሰው ሲፈለግ «ብርቄ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው» ብላ ለአለቃችን የመሰከረችልኝም እሷ ናት።

ታደሰ የሚባል ኤሌክትሪሻን ነበር፤ ሳይበላሽ ካውያዋን ሊጠግን የሚመጣ። ዝምተኛ ነው። በአዲሱ ዓመት በመጀመሪያው እሑድ ወሎ ሰፈር አጎቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ተነጋገሩ። ጽጌ ወድዳዋለች፤ ፈርታለችም። እናቷ እሷን የሦስት ዓመት ልጅ አድርጋ ባሏን ጥላ የጠፋች ሴት ነበረች። «ብርቄ፣ ይሄ ነገር በደም ይመጣ ይሆን?» ትለኝ ነበር። እኔም ጅል፣ «እግዜር ይወቅ» እላታለሁ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። እማማ ዘውዴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጽጌን በጉልበታቸው መሐል አስገብተው ሹሩባ ይሠሯታል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እልጣለሁ። አስቴር መጽሔቷን ይዛ መጣች።

«ሰው ራሱን ሳያውቅ እንዴት ዘመን ይሻገራል?» አለች። ቢሮዋ ውስጥ ሁሉም ተፈትነዋል፤ እሷ «የመሪነት ተሰጥኦ» ወጥቶላታል። እውነትም ወዲያው መምራት ጀመረች። መጽሔቱን ጽጌ ጭን ላይ ዘረጋችው። «ለራስሽ በሆድሽ አንብቢ፤ ጮክ ብለሽ ካነበብሽ በይሉኝታ ትዋሻለሽ። ፊደሉን ብቻ ጥሪ። ብርቄ፣ አንቺ ጻፊ።»

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አንድ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ተቀበልኩ። ሃያ ጥያቄ ነው። ጽጌ በዓይኗ እያነበበች ትጠራለች፤ እኔ ወደ ድስቴ ዞሬ እጽፋለሁ። «ሀ» ትላለች፣ ሀ እላለሁ። «ለ»፣ ለ። «ሀ። ሀ።» ከሽንኩርቱ የተነሣ ዓይኔ ያለቅሳል፤ ደስ ግን ብሎኛል። ጸሐፊ ሆኜ አላውቅም ነበራ።

አስቴር ቆጠረች። ሀ አሥራ ስድስት፣ ለ አራት። ከዚያ እንደ ዳኛ ቆማ አነበበች፦ «አብዛኛው መልስዎ ሀ ከሆነ፣ የትዳር ሰው አይደሉም። የሚቀርብዎትን ሁሉ ጥለው ይሄዳሉ። አዲሱን ዓመት ብቻዎን ያሳልፉ።»

እማማ ዘውዴ ጣታቸውን አቆሙ። «ማነው ይህን ያለው?»

«ባለሙያ ነው፣ እማማ።»

«የምን ባለሙያ?»

«የሰው ባህርይ ያጠና ነዋ።»

«እኔ ይሄን ጭንቅላት ከምሳ ጀምሮ ይዤዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁበትም። ይልቅ ዘወር በይልኝ፣ ፀሐይ ጋረድሽብኝ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጽጌ ብቻ አልሳቀችም። «ጥለው ይሄዳሉ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀች። አስቴር ደግማ አነበበችላት። ደግማ ማንበብ ምን ያደርጋል!

በነጋታው ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሲባባል ጽጌ ነጠላዋን ለብሳ ወሎ ሰፈር ሄደች፤ ለአጎቷ ሽማግሌ እንዳይቀበሉ ነገረቻቸው። ለታደሰ ምንም አላለችውም። እሱም ምን አጠፋሁ ብሎ አልጠየቀም፤ እንዲያ ነበር ሰውየው። ካውያ ሲበላሽ ሌላ ሰው ይልክ ጀመር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አስቴር መጽሔቱን ለዕቃ መጠቅለያ ሰጠችኝ። ያቺ ወረቀት ውስጡ ነበረች። አሁን ራሳቸውን በሚፈትኑ ሰዎች ስስቅ የምውል ሴት፣ በሩን ዘግቼ ራሴን ልፈትን ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ።

አስተማሪያችን አንደኛውን ሃሌታው ሀ፣ ሌላውን ሐመሩ ሐ እያሉ አስተምረውን ነበር። በአፍ ሲጠሩ ግን አንድ ናቸው። ወረቀቴን አየሁ። ሃያ መልስ ውስጥ አንድ ሐ የለም። ጥያቄዎቹን አነበብኩ። «ጓደኛዎ ቢታመም፦ ሀ. ሌላ ሰው ይንከባከበው ይላሉ»። ሐ ላይ «ሥራዎን ትተው ያስታምማሉ» ይላል። ወባ ይዞኝ አራት ቀን ደመወዟን አስቆርጣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ እኔ ሀ ጽፌላታለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አስቴር ሄድኩ። ሳቋ አላስቆም አላት። «አንቺ ደግሞ! ሃሌታውን ከሐመሩ መለየት አቃተሽ?» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በቃ ዝም በይ። ከነገርሻት እኮ መሳቂያ ትሆኛለሽ። የመረከቢያውን ሥራም እርሺው።»

ዝም አልኩ። ታደሰ ገና ሌላ አላጨም፤ ጊዜው አላለፈም ነበር። ሲመሽ ጽጌ እሸቱን ሰብራ ወፍራሙን ስትሰጠኝ እየተቀበልኩ እበላለሁ፤ አፌ ግን ለሌላ አይከፈትም። ልነግራት ነበር፤ ዛሬ፣ ነገ፣ ከደመወዝ በኋላ። የገና በዓል ሲቃረብ ሥራውን ለቃ ወደ ደሴ ሄደች። ታደሰ በዓመቱ አገባ። እኔም መረከቢያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ነውና።

አንዳንዴ፣ ልክ ጽፌው ቢሆንስ እላለሁ። ያው መጽሔት የሐ ሰዎችን «ቤትዎ የጸና ይሆናል፣ ሳይዘገዩ ያግቡ» ይላቸው ነበር። ይህም ያው ቂልነት ነው። ታደሰን አይቶ አያውቅ፣ ጽጌን አይቶ አያውቅ፣ በእኔ እርሳስ አንዱን ቤት ያፈርሳል፣ በሌላው እርሳስ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ዛሬ ስልክ ውስጥ አስገብተው፣ ቀለም ቀብተው ለልጄ ሰጧት። ዘመን ሲለወጥ ራስን መመርመር ደግ ነው፤ ግን የሚመረመረው ያደረግነው ነው፤ ያደረግነውን ደግሞ መጠይቅ አይጠይቅም። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ምርጫ ተዘርዝሮ ቢሰጠኝ ኖሮ አንዱን አክብቤ እገላገል ነበር።

እማማ ዘውዴ አርፈዋል። ግቢውም ፈርሷል፤ የካዛንቺስ ሰው የትና የት ተበትኗል። ደሴ ላይ ሁለት ጊዜ ሰው ልኬ አስጠይቄ ነበር። አንዱ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳለች አለ፤ ሌላው አላውቃትም አለ።

ጽጌ ትባላለች። ዛሬ ወደ ስድሳ ይጠጋታል። በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የምታውቋት ካላችሁ ያለችበትን ንገሩኝ።