የውሃ ሳጥንና የግድግዳ ፍሪጅ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ እንደምትለው ደግሞ ዘጠኝን ጨርሼ አሥርን ጀምሬያለሁ። የምንኖረው ከሎጊያ ብዙም በማይርቅ የጥጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው። ዛሬ ሰመራ የቆመችበት ቦታ ያን ጊዜ ጥቁር ድንጋይና ፀሐይ ብቻ ነበር። አባቴ የጥጥ መዳመጫው ፎርማን ስለሆነ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተሰጥቶናል፤ መብራትም ከእርሻው ጄኔሬተር እናገኛለን። ከደሴ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሙቀቱን ካልቆጠሩት።

ሙቀቱ ግን የሚቆጠር ነው። ከግንቦት ጀምሮ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል። ስለዚህ የካምፑ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ሙቀቱ ሳይጠና ወደ ደጋ ወጥተው ይወልዱና፣ ልጁ ጠንከር ሲል ይመለሳሉ። እኔም ታናሽ ወንድሜም ደሴ የተወለድነው እንደዚያ ነው። አባቴ እኔን ያየኝ መሣቅ ከጀመርኩ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ በጆሮው የሶላት ጥሪው፣ አዛን፣ ይባልለታል፤ ለእኔም ለወንድሜም ያለልን የአክስቴ ባል ነበር። አባቴ ይህን አንስቶ አንድ ቀን አላማረረም። እናቴ ግን የሆዱን ታውቃለች። ሦስተኛዋን ስታረግዝ፣ «ይኼን ልጅ እዚሁ እወልደዋለሁ። አዛኑን አባቱ ይበልለት» አለች።

ይህን የሰማች ታላቅ እህቷ ልትወስዳት ከደሴ ገሠገሠች። የመጣችው በጥጥ መኪና ጋቢና ተቀምጣ፣ ብርድ ልብስ ታቅፋ ነው። ወደዚህ አገር በሰኔ ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም አላየሁም። ከመኪናው እንደወረደች ፊቷን በሻሿ እየጠረገች፣ እዚህ እንኳን አራስ ድንጋይም አይከርምም አለች። ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሐምሌ እስኪገባ አባቴ ቤቱን ካቀዘቀዘው እናቴ ትቀራለች፣ አለዚያ ሁለቱም ደሴ ይወጣሉ።

አባቴ መጀመሪያ ያሰበው ርካሹን ነው። የካምፑ ሰው «የውሃ ሳጥን» ይለዋል፤ አናጢ የሚሠራው የእንጨት ሳጥን ነው፣ ጎኖቹ ጆንያ ለብሰው ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል፣ ውስጡ ማራገቢያ አለው። መስኮት ላይ ይገጠምና በእርጥቡ ጆንያ ያለፈውን አየር ወደ ቤት ይነፋል። ጎረቤታችን፣ የእርሻው ጸሐፊ፣ ነበረው። ሄደን ፊቱ ተቀመጥን፤ ወላሂ፣ ላቤ ሲደርቅ ታወቀኝ። አባቴ በማግስቱ ለእኛም አሠራ።

የእኛው ግን ቤቱን እንፋሎት የሞላው ሐማም አደረገው። ግድግዳው አላበው፣ ስኳሩ ረጠበ፣ የእናቴ እግር ይበልጥ አበጠ። አባቴ ጆንያውን ቀየረ፣ ማራገቢያውን ፈትቶ ገጠመ። ወዲያ ወዲህ ሲል ድንገት ሌላኛውን መስኮት ቀና ብሎ አየው። የውሃ ሳጥን አየር ሲያስገባ፣ የገባው አየር መውጫ ይፈልጋል። የእኛ መስኮት ተዘግቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተጠቅጥቋል። የአክስቴ ሥራ ነው። እሷ በምታውቀው አገር ነፍሰ ጡርና አራስ ነፋስ መሃል አይቀመጡም፤ ብርድ ይመታቸዋል።

«እትዬ፣ መስኮቱ ካልተከፈተ እኮ አይሠራም» አላት በትሕትና።

«ነፋስ በዚህ ገብቶ በዚያ እየወጣ፣ እህቴ መሃል ላይ ትተኛልህ?»

«እዚህ አገር ብርድ የት አለና?»

«ብርድ ያልጠረጠሩት ቦታ ነው የሚመታው፣ አንተ ሰውዬ።»

እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትዘጋለች። ለሶላት ስትቆም ቀስ ብሎ ይከፍትና፣ ሶላቷን ጨርሳ ከመነሳቷ መስኮቱ ይዘጋል። ወንድሜና እኔ ማን ያሸንፋል እያልን እንጠብቃለን። ሐምሌ ሲቃረብ አክስቴ የእናቴን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

ሌላው ምርጫ ውዱ ነበር፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ቤት ያለው ዓይነት፣ ከአሰብ የሚመጣ ኤርኮንዲሽን። አክስቴ «የግድግዳ ፍሪጅ» ትለዋለች። አባቴ ደሴ ለጀመርነው ቤት ቆርቆሮ መግዣ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ይበላል ብሎ ትቶት ነበር። ምሳ ላይ እናቴ ይህኛውስ እንዴት ነው የሚሠራው ብላ ጠየቀችው። ከውጭ አየር አያመጣም፣ የቤቱን አየር ራሱን እያዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው አላት። ውሃ አይፈልግም፤ ነሐሴ ላይ አየሩ ሲረጥብም አይሰንፍም። ጠላቱ ክፍት በር ነው፤ በርና መስኮት ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት።

እናቴ እጇን ከትሪው አነሳች። «ጥርቅም ብሎ?»

«ጥርቅም ብሎ።»

ዞር ብላ እህቷን አየቻት፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። «ርካሹ የሚከፍት ሰው ይፈልጋል፣ ውዱ የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል። ለእኛ አላህ የሰጠን የምትዘጋ ነው። እንግዲህ የሚዘጋበትን ግዛ፤ ቆርቆሮው ይቆይ።»

አክስቴ ልትቆጣ ጀምራ ራሷም ሳቀች። ዛሬ ሰመራ ሱቅ ውስጥ ሰዎች የዚህ ጉልበቱ፣ የዚያኛው የመብራት ፍጆታው እያሉ ሲጨነቁ ስሰማ በእናቴ እኮራለሁ። እሷ ከማሽኑ በፊት የቤቱን ሰው ነው ያየችው።

ማሽኑ ከአሰብ በሚመለስ መኪና መጣ፤ ጎረምሶች ተጋግዘው አወረዱት፣ ግድግዳው ተበሳ። ሞተሩ ሲነሳ አምፖሉ ደብዘዝ ይልና ይመለሳል። አክስቴ በግድግዳውና በማሽኑ መካከል የቀረውን ሁሉ ስትጠቀጥቅ፣ አባቴ ከኋላዋ ቆሞ «እትዬ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ቀርቶሻል» ይላታል። እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ የደሴ ጠዋት መሰለ። ያ ብርድ ልብስ ከእናቴ ትከሻ ላይ ዋለ። የካምፑ ሴቶች ሊያዩ ሲመጡ አክስቴ «ወይ ግቡ ወይ ውጡ፣ በር ላይ አትቁሙ» እያለች ትቀበላቸዋለች። እኔም በካምፑ መሃል አንገቴን ቀጥ አድርጌ የሄድኩት የዚያን ሰሞን ነው።

እህቴ የተወለደችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ እናቴን ያዋለደቻት የክሊኒኩ ነርስ ናት። አባቴ ከመዳመጫው ጥጥ በፀጉሩ እንደያዘ ሮጦ መጣ፣ ታጥቦ ውዱእ አደረገና ገባ። አክስቴ በሩን ከኋላው ወዲያው ዘጋችው። አባቴ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሰው ፊት አዛን ብሎም አያውቅም። ልጅቷን አቅፎ በቀኝ ጆሮዋ አለላት፤ አንድ ቃል አልሳተም። እናቴ ተኝታ እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣ «አሳመርከው» አለችው።

አክስቴ አርባው እስኪወጣ ከእኛ ጋር ቆይታ ደሴ ተመለሰች። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ነፍሰ ጡር ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ ባል በእኛ በኩል የሚመላለስ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፤ አዛኑን እሱ እንዲል እኛ ቤት ወለደች።