ክፍሌ የገዛ ሕጉን የሻረበት እራት

በቅርቡ፣ የዘንድሮው በረዶ ከመውረዱ በፊት፣ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጄ ሊያ ፍሪድሊ ያለው ቤታችን ውስጥ መጽሐፏን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «አባባ፣ ኩዊዝ አድርገኝ» አለችኝ። የሲቪክስ ፈተና ነበረባት። የእኔ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም መነጽሬን አድርጌ እንደምንም ጠየቅኋት። ሕግ የሚያወጣው ማነው? ኮንግረስ። የሚያስፈጽመውስ? ፕሬዚዳንቱ። የሚተረጉመውስ? ፍርድ ቤት። ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየት ስለከለከለው ውሳኔ ስጠይቃት «ሴፐሬት ኢዝ ኖት ኢኳል»፣ ተለያይቶ እኩልነት የለም፣ ብላ ገጹን ልትገልጥ ስትል ሳቄ አመለጠኝ።

«ዋትስ ፈኒ?»

«ይቺን ነገር እኛም ቤት ፈርደንባታል እኮ» አልኳት። ከዚያ በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ የእኔው እንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ አጫወትኳት።

ያን ጊዜ ሀያ ምናምን ዓመቴ ነው። በሱዳን በኩል የመጣን አራት ወንደላጤዎች ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ነፋስ ሲነሳ መስኮቱ የሚያፏጭ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ጋሽ ተፈራ ታላቃችን ነው፤ ታክሲ ይነዳል። ክፍሌ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል፤ አፉ የማያርፍ የአዲስ አበባ ልጅ። ጀማል የጅማ ልጅ ነው፤ አማርኛው የኦሮምኛ ለዛ አለው፤ መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰው አስቸገርኩ ብሎ የሚሳቀቅ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ የሚል ልጅ ነበር። እኔ የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ።

ለዜግነት ፈተና ላይብረሪው ምድር ቤት ውስጥ ትምህርት እንወስድ ነበር። መምህራችን ጡረታ የወጣች ሴት ነች፤ የሱፍ ቆቧን በጋ ካልገባ አታወልቅም። ሦስቱ የመንግሥት አካላት እየተምታቱብን ስናስቸግራት «እቤታችሁ ሥልጣኑን ተከፋፈሉና ኑሩበት፤ ያኔ አትረሱትም» አለችን።

እኛም አደረግነው። ጋሽ ተፈራ ፕሬዚዳንት ሆነ። ክፍሌ አንዱ ምክር ቤት፣ ጀማል ሴኔቱ። እኔ ዝምተኛ ስለሆንኩ ፍርድ ቤት አደረጉኝ። ሕገ መንግሥታችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች፦ እዚህ ቤት ሁሉም እኩል ነው። ክፍሌ መጀመሪያ ያወጣው ሕግ ማንኮራፋትን የሚከለክል ነበር። አንኮራፊው ጋሽ ተፈራ አልፈርምም ብሎ ቪቶ አደረገው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በሙሉ ድምፅ ቪቶውን ሻሩበት። ማንኮራፋቱ ግን አልቆመም። ሕግ ማውጣትና ማስፈጸም ለየቅል መሆኑን ያኔ ተማርን።

ሁዳዴን እንዲህ ስንሳሳቅ አሳለፍነው። ጤፍ በዚያ ዘመን አይታሰብም፤ ከፓንኬክ ዱቄት የተጋገረች ወፍራም እንጀራ ላይ ሽሮና ምስር አፍስሰን አራታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ውጭው ጉልበት የሚውጥ በረዶ ነው፤ ውስጡ ግን ይሞቃል። ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በረዶው መሰነጣጠቅ ሲጀምር ፋሲካ ደረሰ፤ ከፋሲካ ጋር ሥጋ መጣ። ጀማል እስላም ነው፣ የኛን ሥጋ አይበላም። አገር ቤትም የሥጋ ነገር ለየብቻ ነውና ማናችንም ክፉ አላሰብንም።

ክፍሌ ሕግ አረቀቀ። «ከእንግዲህ ጀማል በራሱ ትሪ፣ መስኮቱ ጋ ባለችው ጠረጴዛ ይብላ፤ መጠኑ ግን ከኛ እኩል ይሁን።»

«ሴኔቱስ ምን ይላል?» አለ ጋሽ ተፈራ።

«ምንም ችግር የለም፣ እስማማለሁ» አለ ጀማል እየሳቀ።

ጋሽ ተፈራ አፉ በሥጋ እንደተሞላ «ፈርሜያለሁ» አለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀማል መስኮቱ ጋ ተቀምጦ በላ። ቀጥሎ ቆሞ መብላት ጀመረ። ቀጥሎ እኛ ስንጨርስ መምጣት። ክፍሌ ቀልድ ሲያወራ ከወዲያ ፈገግ ይላል፤ ቀልዱ ግን አይደርሰውም። አንድ ቀን ጫማውን እያሰረ «ፍሪድሊ ክፍል እያየሁ ነው። ለሥራዬ ይቀርበኛል» አለኝ። ሥራው ዳውንታውን ነው፤ በእግሩ ይሄዳል። ፍሪድሊ ሰሜን ዳርቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መኪና የለውም።

ልጁ ከእጃችን ሊወጣ መሆኑ ገባኝ። «ቅር ብሎህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ምን በወጣኝ!» ከማለት በቀር አይተነፍስም። ዳኛ ነኝና ሕጉን ልሻር ብዬ መምህራችንን ጠየቅኋት።

«አይሆንም» አለችኝ። «ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ መሻር ይችላል። ግን ራሱ ተነስቶ አይፈርድም። አቤት የሚል የተነካ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

የተነካው ሰው ደግሞ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን ያሳለፈው ጀማል ነው። እሱን ብጠብቅ ፍሪድሊ ገብቶ፣ አግብቶ፣ ይወልዳል። አውቶቡስ ውስጥ ሳስብ ሳስብ መጣሁና በእራት ሰዓት ብድግ ብዬ «ከዳኝነት ወርጃለሁ» አልኩ።

«ምነው፣ ጉቦ ቀረብህ?» አለ ክፍሌ።

«ክስ አለኝ። የገዛ ክሴን ልዳኝ አልችልም።»

ዳኛ የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ የሚያጸድቀው ሴኔቱ። ጋሽ ተፈራ ክፍሌን ሾመ፤ ጀማል እንደ ልማዱ «ምንም ችግር የለም» ብሎ አጸደቀ። ክፍሌም የምክር ቤት ወንበሩን ለቀቀና ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተኮፈሰ።

«ከሳሽ፣ ጀማል በትሪው ላይ ቅር ካለው እሱ ይክሰስ። አንተ ምን ተነካህ?»

«አብሮኝ የሚበላውን ጓደኛዬን ሕጉ ወሰደብኝ።»

«ምግቡ እኩል አይደለም?»

«እኩል ነው።»

ክፍሌ ሳቁን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። «እሺ ጀማል፣ ምስክር ነህ። እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም። እዚያ ስትበላ እንዴት ነው?»

ጀማል ትሪውን አየ። «ጥሩ ነው» ሊል ከንፈሩ ሲጀምር አየሁት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ምግቡ ይበቃኛል። ግን ብቻዬን ስበላ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሱዳን እንኳ ለብቻዬ በልቼ አላውቅም።»

ክፍሌ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ። «ደደብ ሕግ ነው ያወጣሁት» አለ። «ተሽሯል። የቤቱ ትሪ አንድ ነው፤ ሁሉም የሚበላው ብቻ ይቀርብበታል። ሥጋ ያማረው ውጭ ይብላ።»

«በሃምሳ ሽሮ?» ብሎ ጮኸ ጋሽ ተፈራ። «በሃምሳ ማን ይጾማል?»

«ጾም አይደለም፣ ፍርድ ነው። አንተ አስፈጻሚ ነህ፣ አስፈጽም።»

«አላስፈጽምም ብልስ?»

ዳኛ ፖሊስ የለውም፤ ይህንንም መምህራችን ነግራን ነበር። ጋሽ ተፈራ ሥጋውን አየ፣ ጀማልን አየ። ከዚያ እየተነጫነጨ ተነሳና ምስር ጣደ። እስኪበስል አራታችንም ተራብን። ትሪው መሐል ሲቀርብ መጀመሪያ ጀማልን ያጎረሰው እሱ ነው፤ ጉርሻውም አፍ የሚያፍን ነበር። ጀማል ፍሪድሊን ዳግመኛ አላነሳም።

ፈተናውን አራታችንም አለፍን። እኔን የጠየቁኝ ስለ ባንዲራው ነው። ጀማልን ሕግ የሚያወጣው ማነው ሲሉት «እኔና ክፍሌ» ሊል አፉ ላይ ደርሶ መለሰው።

ሊያ ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቀች። «ሶ፣ ጀማል የመጀመሪያውን ቀን ኖ ቢልስ?»

«ሕጉ አይወጣማ» አልኳት። «የዚህ አገር ሕግ ጥሩ ነው፤ ግን ዳኛ ማን ተከፋ እያለ ቤት ለቤት አይዞርም። የከፋው ሰው መናገር አለበት። እኛ ደግሞ ችግር የለም ማለት እንወዳለን።»

መጽሐፏን ዘጋች። «አባባ፣ እኔም አለኝ።»

«ምን?»

«እራት ላይ አንተና እማማ ፋስት ታወራላችሁ። ትስቃላችሁ። እኔ አይገባኝም። ጀስት ስማይል አደርጋለሁ።»

ስንት ዓመት ሙሉ ፈገግ ስትል ቀልዴ እያሳቃት መስሎኝ ኖሬያለሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ ትሪ እየበላን፣ ለካ ልጄ እንደ ጀማል መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ኖሯል።

አሁን እራት ላይ ሊያ ሲያመልጣት እጇን ታነሳለች። እኔም ጉርሻዬን አቁሜ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብዬ እደግምላታለሁ። ሲደገም ታዲያ ብዙው ቀልዴ ያን ያህል አያስቅም። ፈገግም አትል። «ኖት ፈኒ፣ አባባ» ትለኛለች፤ እኔም ደስ ይለኛል።