የቀኝ በኩሉ ጊታር

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከቻት። ወረፋው ረዥም፣ ዝናቡ ከባድ ስለነበር ልጅቷ ከወፍጮው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ገብታ በጆንያ ክምር ሥር ቁጭ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ የጠጣው የጭቃ ግድግዳ ተናደ፤ ክምሩም አብሮት በላይዋ ወረደ። ሁለት ጆንያዎች ተደጋግፈው ስለቆሙላት ሳትጨፈለቅ ቀረች። እግሯ ተይዟል፣ አፏ አቧራ ሞልቶታል። ጮኸች። ወፍጮው እያጓራ ማን ይስማት? ሰዉ ግድግዳ መናዱን አይቶ «ተመስገን፣ ሰው አልነበረበትም» ተባብሎ ወደ ወረፋው ተመለሰ። እናቷ ልጄን ያያችሁ እያለች ከተማውን ስታስስ አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የልጅቷ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። ሞተሩ አሮጌ ነው። ሰባት ጊዜ ደህና ይመታና ስምንተኛው ላይ ምቱን ይውጣል፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሽማግሌ። አጠገቧ የሞተሩ የጭስ ቧንቧ ያልፋል፣ እጇ ሥር ደግሞ የድንጋይ ስባሪ አለ። ከሞተሩ ጋር እኩል ብትመታ ድምፁ እንደሚዋጥባት ገባት። ስለዚህ ቆጠረች። ሰባቱን አሳልፋ፣ በስምንተኛው ባዶ ቦታ ላይ ቧንቧውን መታች። ሰባት ቆጥራ አንድ መታች፤ ሰባት ቆጥራ አንድ።

ባለወፍጮው ቀና አለ። «ይሄ ምት የኔ አይደለም» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍጭልን እንጂ! ስንሰለፍ ልናድር ነው?» ተንጫጩበት።

ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩ ጠፍቶም ምቱ ቀጠለ።

ይህንን የነገረችኝ ከተዋወቅን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የምንሠራው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ነው። እኔ የማሽኖቹ ጠጋኝ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማሽኖቹ ስላስቸገሩ ጠርተው መልሰውኛል። እሷ ኮሌታ ትሰፋለች። ስታወራም ስትበላም ጣቶቿ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቆጥሩ ቆጣሪዋ ይሏታል። «ቆጣሪዋ መጣች፣ መብራት እንዳይቆረጥብን!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም «የናንተማ ድሮ ተቆርጧል» ትላለች።

አንድ ቀን ስልኳን ልታሠራ ሄዳ፣ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሰማች። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ፤ ከባድ፣ ፈጣን፣ ድንገት የሚቆም፣ ድንገት የሚዞር።

«ዘፋኙ የት ሄደ?» አለችው።

«ዘፋኝ የለውም። ፕሮግሬሲቭ ሜታል ይባላል።»

«ታዲያ ለምን በሰባት ይመታል?»

ጠጋኙ መፍቻውን አስቀመጠ። «ቆጠርሽው? እኔ ሰባት መሆኑን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል!»

በዚያው ቀን ይህንን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች በስልክ የሚጻጻፉበት ግሩፕ ውስጥ አስገባት። ሠላሳ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ በየከተማው ተበትነው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ። ሥርዓታቸው ጥብቅ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ሰው የወደደውን አንድ ሙዚቃ ለስልክ ጠጋኙ ይልካል። ጠጋኙ ዕጣ አውጥቶ ያድላል፤ ማን እንደላከው፣ ማን እንደተጫወተው አይናገርም። ያደለውን ፋይል ደግሞ ወሬ እንዳይወጣ ብሎ ወዲያው ይደመስሳል። ዕጣ የደረሰው ሰው ሙዚቃውን ሦስቴ ይሰማል፤ አንዴ ተቀምጦ፣ አንዴ እየሠራ፣ አንዴ እየሄደ። ከዚያ ግምገማውን ጽፎ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። የተጻፈ አይሰረዝም፤ ያፈረ ሰው ከሥሩ ይጽፋል።

እሷ ስትጽፍ አጭር ናት። «ድራም መቺው ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ራሱም ማወቁ ነው። ስድስት።» «ይሄኛው መንገዱን ያውቃል፤ ሲደርስ ግን አያንኳኳም፣ በሩን ሰብሮ ይገባል። ሰባት።» ከአባላቱ አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር «የኔ ምርጫ ቆጣሪዋ እጅ ከሚገባ መንጃ ፈቃዴን ብነጠቅ ይሻለኛል» ብሎ ጽፎ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ የጥገና ክፍሉ ጸጥ ስለሚል እዚያ መጥታ ትሰማለች፤ የጻፈችውንም ታነብልኛለች። እኔ ማንበብ የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በራሴ ጥረት ነው፤ ስለዚህ ቃል ሲባክን አልወድም። የሷ አይባክንም ነበር። ሙዚቃው ግን መጀመሪያ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር የሆነብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራት ነበር፤ የማዳመጫዋ ቀኝ በኩል ቶሎ ቶሎ ይሞታል። በአንድ ዓመት ሦስት ማዳመጫ ቀየረች። ሦስተኛውን ሰጥታኝ ገመዱን በቴስተር ለካሁት።

«ደህና ነው» አልኳት።

«የሞተውን ደህና ነው ይሉኛል?»

«ጆሮዬ ላይ አድርጌም ሰምቻለሁ። ይሠራል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ጆሮዎ አርጅቷል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል፤ ቴስተር አይዋሽም፣ አውቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ዕጣ የደረሳት ሙዚቃ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ነው። አንድ ጊታር ሰባት ይመታና ይቆማል። ረዥም ዝምታ። ደግሞ ሰባት፣ ደግሞ ዝምታ። ድራሙ በሩቁ ይሄዳል። ሦስቴ ሰማችው፤ ግንባሯን እንደቋጠረች ጻፈች። «ጊታሩ ይጠይቃል፣ መልስ የለም። ደግሞ ይጠይቃል፣ መልስ የለም። ቤት ሠርቶ በር የረሳ ሰው ሥራ ነው። ሠሪው ጓደኛ ይፈልግ። ሦስት።»

«አልበዛም?» አልኳት።

«ሦስቴ ሰምቼዋለሁ እኮ ጋሼ። ሦስቴ!»

የምሳ ሰዓቱ ሳያልቅ መልስ መጣ። የጻፈው ዝምተኛው የሚሉት አባል ነው፤ በሁለት ዓመት አምስት ዓረፍተ ነገር መጻፉን እንጃ። «ልክ ነሽ። አጥፍቼዋለሁ» ይላል። ወዲያው ከግሩፑ ወጣ።

ስልክ ጠጋኙ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ስለከፈተችው እኔም ሰማሁ።

«አንቺ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? የመሰለኝን ጻፍኩ።»

«የራሱ ሥራ ነበር እኮ! እሱና ታናሽ ወንድሙ ቤታቸው ቁጭ ብለው የቀዱት። ታናሽየው ዓምና አረፈ። ሌላ የቀረው ነገር የለም። መልሱን የሚመታው እሱ ነው።»

«የምን መልስ?»

«ሰምተሽዋል አይደል?» አለ ጠጋኙ ቀስ ብሎ።

ጣቶቿ መቁጠር አቆሙ። ዐሥራ ምናምን ዓመት ሳውቃት እነዚያ ጣቶች ሲቆሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አንቺ ዘንድ አለ?» አለ ጠጋኙ። «እኔ ደምስሼዋለሁ። እሱም አጥፍቼዋለሁ ካለ፣ እሱ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።»

ስልኳ ትንሽ ነገር ነው የሚይዘው፤ የገመገመችውን ታጠፋለች። አንድ በአንድ እየከፈተች ፈለገች። አገኘችው። የምታጠፋው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«ይሄ ማዳመጫ! አይሠራም ስልዎት!» ብላ ጮኸችብኝ።

የቀኙን ከጆሮዋ ነቅዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ጊታር ነበረበት፤ በግራው በኩል የማይሰማ ሌላ ጊታር። «ይሠራል ልጄ» አልኳት። ነጥቃኝ ግራ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

ፊቷን አየሁት። ሰባቱ ካለፈ በኋላ፣ ባዶ በመሰላት ቦታ ላይ ታናሽየው ይመልሳል። አንዳንዴ ያሾፋል፣ አንዳንዴ ቀድሞ ይገባል፣ አንዳንዴ ታላቁን ያስጨርሰዋል።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ግራ ጆሮዋ ላይ ያዝኩ።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

ወደ ቀኝ አዞርኩት። ጠበቀች። «ያቅርቡት እንጂ» አለችኝ። ሰዓቱ ጆሮዋን ነክቷል።

ማታ ቀኝ ጆሮዋ እንደማይሰማ ስትነግራት፣ እናቷን ግን አልደነቃትም አሉ። «ይሄው ሁለት ዓመት በግራሽ በኩል አይደል የምሄደው?» አለቻት።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ! እኔ የገዛ ጆሮሽን ላስተዋውቅሽ?»

ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት ነበር። ስልኳ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፣ እንዳይሰረቅ ብላ በመሐረብ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛው ዋለች። ሙዚቃውን በእናቷ ስልክ፣ በኔ ስልክ፣ በሁለት ሚሞሪ ካርድ አስቀመጠችው። ዝምተኛው ስልኩን ዘግቷል፤ የምትልከው ሁሉ አይደርስም። በዕድሜዋ አንድ ኮሌታ ተመልሶባት የማያውቅ ሴት፣ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ኮሌታ ተመለሰባት። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ምነው፣ ፍቅር ነው?» አላት።

ቅዳሜ ግሩፑ ላይ ከግምገማዋ ሥር ጻፈች። ከመላኳ በፊት አነበበችልኝ። «ሦስት የሰጠሁት ለግማሹ ነው። የቀኝ ጆሮዬ አይሰማም፤ ይህንን ያወቅሁት ከጻፍኩ በኋላ ነው። መልስ የለም ያልኩት መልሱ ሳይሰማኝ ነው። እስከ ዛሬ ሁላችሁንም የገመገምኳችሁ ግማሻችሁን ሰምቼ ነው፤ ነጥቤን የማይቀበል አይቀበል።»

«ከንግዲህ ማን ሙዚቃ ይሰጠኛል ጋሼ?» አለች።

«ላኪው» አልኳት።

ሾፌሩ በዝምተኛው ከተማ በኩል የሚያልፍ ጭነት ነበረው። ሚሞሪ ካርዱንና ደብዳቤዋን በፖስታ አድርጋ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ደወለላት።

«ቤቱን ዘግቷል። አንኳኳሁ፣ አልከፈተም። ጎረቤቱ ሴትዮ ‹ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ባሰበት› አለችኝ።»

«ፖስታውስ?»

«በበሩ ሥር አስገባሁት።»

«በበሩ ሥር?! ቢረግጠውስ?»

«እሜቴ፣ ስምሽን እንደ ፋብሪካ ታርጋ አግዝፈሽ ጽፈሽበት ማን ይረግጠዋል? ይልቅ እኔ አሥር ቶን ሲሚንቶ ይዤ የናንተ ፖስተኛ ሆኜ ቀረሁ።»

አልሳቀችም። ቀን ቆጠረች። አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ቀን ላይ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቢሆንስ? እኔ ባልኩት?» አለችኝ። «ሠሪው ጓደኛ ይፈልግ ብያለሁ እኮ።» ደግማ ደጋግማ ያቺን ቃል ነበር የምትለው።

በሰባተኛው ቀን፣ የምሳ ደወል እንደተደወለ፣ ስልኩን ከመሐረቡ ሳትፈታ ነዘራት። ለመክፈት ፈራች፤ ለኔ ሰጠችኝ። ከዝምተኛው ነው። አንድ ፋይል አለ፤ ሥሩ ደግሞ ጽሑፍ። አነበብኩላት።

«በርግጥ አጥፍቼው ነበር። ለአንድ ጆሮ እንዲሆንሽ ሁለታችንንም በአንድ በኩል አስቀምጫለሁ። እንደ ሥርዓቱ ሦስቴ ስሚው።»

የግራውን ማዳመጫ አደረገች። ታላቁ ሰባት መታ፤ ታናሹ መለሰለት። ማዳመጫው ስለሚያፈስ እኔም ከአጠገቧ ሆኜ እሰማው ነበር። አንዴ ተቀምጣ ሰማችው። ከሰዓት ኮሌታ እየሰፋች ሰማችው፤ አንድም አልተመለሰባትም። ሦስተኛውን ፋብሪካው በር ላይ ከጠበቀቻት እናቷ ጋር ወደ ቤት እየሄደች ሰማችው። እናትየው በግራዋ በኩል ወሬ ጀምራ ኖሮ «ዛሬስ በዚህም በኩል አትሰማም» ብላ እያጉረመረመች ነበር።

ግምገማዋ ግሩፑ ላይ አለ፤ ዝምተኛውም ተመልሶ አንብቦታል። ነጥብ አልሰጠችም። «መልስ አለው» ይላል፣ ሌላ የለውም። ሾፌሩ ከሥሩ «እኔንስ መቼ ነው በሙሉ ጆሮ የምትገመግሚኝ?» ብሎ ጽፏል። ሄዳ ያማከረችው ሐኪም ቀኝ ጆሮዋ እንደማይመለስ፣ ግራውን ከማሽኖቹ ጩኸት መጠበቅ እንዳለባት ነግሯታል። አሁን ስትሠራ ግራ ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች። የምታናግራት ሴት ካለች ትከሻዋን መንካት አለባት።

ይህንን ልጽፍ ስነሳ ፈቃዷን ጠየቅኳት። ሳቀችና «ደንቆሮ ናት ብለው እንዳይጽፉ፤ አንድ ጆሮዋ ጡረታ ወጣ ይበሉ። ደግሞ እንደርስዎ ተጠርቶ አልተመለሰም» አለችኝ። ከዚያ፣ ካሳለፈችው ሁሉ ምን እንደበለጠባት ጠየቅኳት። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ቆጠሩ።

«ባለወፍጮው» አለች። «ሰዉ እየጮኸበት ሞተሩን አጠፋ። ያስቡት ጋሼ፣ ባያጠፋውስ? እኔ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ መትቼ የተረፍኩ ሰው፣ ያ ልጅ እዚያችው ቦታ ላይ ሲመታልኝ ባዶ ናት ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሙዚቃ ሲደርሰኝ ሦስቴ እሰማና፣ ማዳመጫውን አገላብጬ ደግሞ ሦስቴ እሰማለሁ። ሥራ በዛ ይሉኛል። ይብዛ። ባለወፍጮውም ያን ቀን ወረፋው በዝቶበት ነበር።»