ፓንዳዎቹ ፊት የከሸፈ ሽምግልና

ከሲንሲናቲ የተነሳሁት በማለዳ፣ ቁርስ ሳልቀምስ ነው። የምሄደው ኮሎምበስ፣ ሰናይትንና ግርማን ላስታርቅ። አዲስ አበባ ሳለን ሰናይትን ለግርማ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ደጅ የጠናሁ ሰው፣ ተለያዩ ሲሉኝ ቁጭ ብዬ መስማት አልሆነልኝም። እሷ ደብሊን በሚሉት የኮሎምበስ ዳርቻ አረጋውያን ትንከባከባለች፤ እሱ ፍራንክሊንተን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ወጥቷል።

ሽማግሌ ሄዶ «እሺ» እስኪባል የቀረበለትን እህል አይነካም። እኔ ደግሞ ብሼ፣ ጾሙን ከቤቴ ጀመርኩት። ባለቤቴ «መንገድ ላይ ወድቀህ እንዳትቀር» ብትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ሃይዌዩ ላይ

ግራ ቀኙ በቆሎ ነው፣ ሰማዩም እንደከበደው ዋለ። ነዳጅ ልቀዳ ስቆም የትኩስ ዶናት ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ዋጋው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ለራሴ «መኮንን፣ ሰው ሁን» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

የአራዊት ማቆያው

የምንገናኘው እዚያ ነው። ትንሿ ልጃቸው ሜሮን፣ ለዚያ ሰመር ብቻ ከቻይና የመጡትን ፓንዳዎች ካላየሁ ብላ አልቅሳ፣ አባትና እናት አብረው ሊወስዷት ተስማምተዋል። እኔም ይሄ ዕድል አያምልጠኝ አልኩ። ደንቡ ሽማግሌ ሁለቱን ለየብቻ ሰምቶ እንዲያገናኝ ነው። እኔ የሰማሁት ግርማን ብቻ ነበር፤ በስልክ «እርስዎ ከመጡ እሺ ትላለች» ብሎኛል።

ካፊያ ነበር፣ ሰልፉም ረጅም። ሜሮን መሃል ሆና የሁለቱንም እጅ ይዛለች። ስንደርስ አንደኛው ፓንዳ ጀርባውን ሰጥቶን ቀርከሃ ይቆረጥማል። ምቀኛ አይደለሁም፣ ግን በዚያ ባዶ ሆዴ ቀናሁበት። አንዲት ወጣት ተመራማሪ መስታወቱ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ሰዓቷን እያየች የሚያደርገውን ትጽፋለች።

«ሌላውስ የታለ? ጠይቂልኝ እስቲ» አልኳት ሜሮንን።

በእንግሊዝኛ ተነጋገሩና ዞረች። «ከግድግዳው ወዲያ ነው አለች። አብረው አይኖሩም። አንድ ላይ ካደረጓቸው ይጣላሉ።» ከዚያ ከራሷ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ መልሱንም እኛን ሳታይ ነገረችን። «አያዝኑም ወይ አልኳት። ለየብቻ ደህና ይበላሉ፣ ደህና ይተኛሉ አለች።»

«ጠይቂልኝ» ያለውን አፌን እንደዚያ ቀን ረግሜው አላውቅም።

«እናንተ ግን እንስሳ አይደላችሁም» አልኳቸው ባልና ሚስቱን። «ስለ እኔ ስትሉ ታረቁ።»

ሰናይት ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ያኔ የጠየቁት አባቴን ነው። ዛሬ የሰሙት ግርማን ነው። እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም።»

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም ጋሼ። አልቅሼ የጨረስኩት ነገር ነው።»

ግርማ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ፓንዳውን ያያል።

ፓርኪንግ

ሰናይት ከመኪናዋ ፍርፍር የሞላ ሳህን አወጣች። «ባዶ ሆድዎን አይመለሱም» አለች። እጄን አልዘረጋሁም። ከቀመስኩ ሽምግልናው አለቀ ማለት ነው፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን። ሜሮን ብቻ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ይብሉ ጋሼ» አለኝ ግርማ፣ አንገቱን እንደደፋ።

ቆሜ በላሁ። ጥሩ ፍርፍር ነበር። ግርማ ልጁን ስሞ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሜሮንም ከእናቷ ጋር በሌላው በኩል ሄደች።

ቤት

በመንገዴ ሁሉ ዘነበ። ከእንግዲህ ለሽምግልና የሚጠራኝ ቢኖር፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ሴቷን ነው። ለሰናይት ግን ዘግይቻለሁ።

ባለቤቴ እራት አቅርባ ጠበቀችኝ። እጄን ልታስታጥበኝ ውሃ ይዛ መጣች።

«እሺ ሳልባል በልቻለሁ» አልኳት።

ውሃውን መልሳ ደፋችው።