ጋሽ ተፈራ የዘለሉት ገጽ

ልጅ ሳለሁ፣ ጅጅጋ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ የግቢያችን ተከራይ ጋሽ ተፈራ የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ ወታደር በነበሩበት ዘመን ያዩትን ጦርነት ይተርኩልን ነበር። በእሳቸው ወሬ የሚሞተው ሁልጊዜ ፈሪው ነው፤ ጀግናው ቆስሎም ቢሆን እየፎከረ ይመለሳል። ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ዳዊትና ሳሚ፣ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ያኔ ከእናቴ ቀጥሎ የማምነው እሳቸውን ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ዳዊት ዘመተ። ስልክ ስለማይሠራ ደብዳቤውን ለፈቃድ የሚመጡ ጓደኞቹ ያደርሱልን ነበር። በእኛ ሰፈር ከግንባር የመጣ ደብዳቤ በቀጥታ እናት እጅ አይገባም፤ መርዶ ቢኖርበት በሽማግሌ አንደበት ይሰማ ተብሎ መጀመሪያ ሽማግሌ ይከፍተዋል። የእኛን የሚከፍቱት ጋሽ ተፈራ ነበሩ። ወረቀቱን ወደ ፋኖሱ አስጠግተው፣ በዚያው በሚያወጉበት ድምፅ ያነቡልናል፦ ደህና ነኝ፣ ስንቁ አይጎድልም፣ ጓዶቼ አንበሶች ናቸው። ጎረቤታችን ሆዳን «ማሻአላህ» እያለች እናቴን ታጽናናት ነበር። በሦስተኛው ደብዳቤ ማግስት ሳሚም ተመዘገበ። ጋሽ ተፈራ ግንባሩን ስመው ሸኙት።

ሰላም ወርዶ ዳዊት እያነከሰ ሲመለስ፣ ገና ከበሩ ሳይገባ «ሳሚስ?» አለ። ሳሚን ካለቀስነው ሁለት ወር ሆኖን ነበር፤ መርዶውንም የነገሩን ጋሽ ተፈራ ናቸው። ስንነግረው ግድግዳውን ተደግፎ «ደብዳቤዬን አላነበባችሁም እንዴ?» አለ።

ደብዳቤዎቹ ጋሽ ተፈራ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ዳዊት ሦስተኛውን አወጣና ሰጠኝ። ከጀርባው ሌላ ገጽ ነበረው።

«ጋሼ፣ ነገሩ እርስዎ እንዳወሩን አይደለም። ትናንት የማረክነው ልጅ እንደ ሳሚ ፍንጭት ነው፤ እናቱን ሲጠራ አደረ። ሳሚን እግሩን አስረውም ቢሆን ያስቀሩልኝ።»

ጋሽ ተፈራ አልካዱም። «እናታችሁ እንዳትሸበር ብዬ ነው» አሉ። ደግሞም፣ «እኔ እኮ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። ጦር ሜዳ አላየሁም፤ የሰማሁትን ነው ያወራሁላችሁ» አሉ። እናቴ ተነስታ ወጣች።

ጋሽ ተፈራ በወሩ ቤቱን ለቀቁ። ዳዊት ክፋት አልነበራቸውም ይላል፤ እኔ ግን ይቅር አላልኳቸውም። ስለዚያ ጦርነት የማውቀው እውነት ያ ገጽ ብቻ ነው፤ አጣጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዴ አውጥቼ ሳነበው ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ግን የወንድሜ ድምፅ አይደለም፤ የጋሽ ተፈራ ነው።